ለኤፍ-1 (ለአሜሪካ የተማሪ) ቪዛ የምትዘጋጁ ልጆች ይቺን አንብቡ

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ ብላችሁ ቀጥታ ወደ ኤምባሲ ቀጠሮ አትሩጡ፣ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የሚልከው አይ-20 የሚባለው የተማሪነት ማረጋገጫ ወረቀት ይምጣላችሁና ስማችሁን ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። እኛ ጋ ችግር የሚፈጥረው የአባትና የአያት ስም ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ አያት አይ-20ው ላይ አባት የቤተሰብ ስም ሆኖ ከገባ ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ጻፉ፣ እኔ በአንዲት ፊደል ሁለት ሳምንት ጠብቄያለሁ። ከዛ የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሲስተም) ክፍያ 350 ዶላር ክፈሉና ደረሰኙን ፕሪንት አድርጉ፣ ዲኤስ-160 የሚባለውን የኦንላይን ቪዛ ማመልከቻ ስትሞሉ ደግሞ የማመልከቻ ቁጥሩን መጀመሪያ ደብተር ላይ ጻፉት ምክንያቱም ኔትወርክ ሲቆረጥ ተመልሳችሁ የምትገቡት በሱ ነው።

ኢንተርቪው ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ቢ) ነው፣ ማለት ተምረህ እንደምትመለስ አላሳመንከንም ነው። ስለዚህ የተሸመደደ ነገር አታነብንቡ እባካችሁ፣ ለምን ይሄን ትምህርት፣ ማን ይከፍላል፣ ስትጨርሱስ ምን ትሰራላችሁ የሚለውን በራሳችሁ አነጋገር በአጭሩ መልሱ። አካውንቱ ላይ ሰሞኑን የገባ ትልቅ ብር ካለ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ያዙ፣ ፎርጅድ ግን በፍጹም፣ የአሜሪካን በር እድሜ ልክ ሊያዘጋባችሁ ይችላል። ቪዛው ከተመታላችሁ በኋላም ትምህርት ሊጀመር ከ30 ቀን በላይ ሲቀረው መግባት አይቻልም፣ ትኬት ስትቆርጡ ቀኑን ቁጠሩ።