ወደ ፖይንት ሬይስ የባሕር መብራት ማማ ከመሄዳችሁ በፊት

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘውንና በ1870 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የበራውን ይህን ታሪካዊ የመርከበኞች መብራት ለመጎብኘት የምታስቡ ሁሉ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የዕለቱን የነፋስ ሁኔታ አረጋግጡ። ማማው ብርሃኑ በጉም እንዳይጋረድ ሲባል ከገደሉ አናት ዝቅ ብሎ ስለተሠራ፣ ወደ እርሱ የሚያወርዱት 313 ደረጃዎች ነፋሱ ሲበረታ ለጎብኚዎች ደኅንነት ይዘጋሉ። መውረዱ አያስቸግርም፤ መመለሱ ግን 30 ፎቅ ያህል እንደ መውጣት ስለሆነ፣ ጉልበታቸው የደከመ ወላጆቻችሁን ከላይ ካለው መመልከቻ እንዲያዩ ብታደርጉ ይሻላል። በዚያ አገር በጋ በሚሆንበት በሐምሌም ቢሆን ወፍራም ልብስ ያዙ። ታች ከደረሳችሁ፣ በፈረንሳይ የተሠራውንና እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያገለገለውን ግዙፍ የመስታወት ሌንስ ሳታዩ አትመለሱ፤ ድካሙን የሚያስረሳ ውበት አለው።