የኦሞ ዴልታን በሳተላይት ምስል ስታነጻጽሩ የሚያጋጥሙ ችግሮች

የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ ሲገባ የሠራው ዴልታ (ወንዙ ያመጣው ደለል የተከማቸበት መሬት) መልኩ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። የድሮና የአሁን ምስል ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ችግር፦ ዴልታው በጣም ሰፍቶ ወይም ጠቦ ይታያል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቱርካና መውጫ የለውም፤ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘውም ከኦሞ ነው። ዴልታው ደግሞ ሜዳ ነው። ሐይቁ ትንሽ ሲጎድል ዳርቻው ርቆ ይሸሻል፤ ሲሞላ እርሻና መንደር ይውጣል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ሲወርድ ዴልታው ወደ ደቡብ ተለጠጠ። በ2015 በኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምርም ሐይቁ ቀንሶ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ሞልቶ በአካባቢው የሚኖሩትን የዳሰነች ሕዝብ መንደሮች አጥለቅልቋል።

መፍትሄ፦ በምስሉ ቀን የሐይቁ ከፍታ ስንት እንደነበር እዩ። የሳተላይት ልኬቱ በነፃ ይገኛል። ከፍታው የተቀራረበባቸውን ሁለት ቀኖች ምረጡ፤ ያኔ ደለሉና እርሻው ያመጣው ለውጥ ለብቻው ይወጣል። ደግሞም "ሐይቁ ሞልቶ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ግጦሹ ውሃ ውስጥ ለገባበት አርብቶ አደር መሬቱ የለም። ምክንያቱን ለይታችሁ ጻፉ።

ችግር፦ አረንጓዴ የነበረው ቦታ ባዶ ሆኗል

ወቅቱ ይሆናል። ኦሞ የሚሞላው ደጋው ላይ ክረምት ሲበረታ ነው። ዳሰነቾች ማሽላ የሚዘሩት ውሃው ሲሸሽ፣ እርጥበቱ ላይ ነው። የመስከረምን ምስል ከመስከረም፣ የጥርን ከጥር ጋር አነጻጽሩ። ያም ሆኖ ባዶ ከሆነ ሰው እርሻውን ትቶ ሄደ አትበሉ፤ ጎርፉ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል።

ችግር፦ ተክሉ ሁሉ ቀይ ነው

ምንም አልተበላሸም። ዓይን የማያየው፣ ቅጠል በብዛት የሚያንጸባርቀው ብርሃን በቀይ ተተክቶ ነው።

ችግር፦ ጥቁር ሰንበሮች አሉበት

ምስሉ ላንድሳት 7 የተባለው ሳተላይት ያነሳው ነው፤ ከግንቦት 2003 ጀምሮ አንድ መሣሪያው ተበላሽቷል። እስከ 2011 ላንድሳት 5ን፣ ከ2013 ወዲህ ላንድሳት 8ን ተጠቀሙ።

ችግር፦ ትንንሽ ማሳዎች አይታዩም

የላንድሳት 8 አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) በመሬት ላይ 30 ሜትር ነው፤ የ1970ዎቹ ምስሎች ደግሞ ከዚህም የደበዘዙ ናቸው። ከ2015 ወዲህ ላለው ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት ይሻላል፤ ፒክስሉ 10 ሜትር ነው። ለድሮው የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ። በ1973 ምስል ላይ ማሳ ስላልታየ በቦታው አራሽ አልነበረም ማለት አይቻልም።