ፍሬኑ ወደ አንድ ጎን ለሚጎትት አሮጌ ላንድክሩዘር፦ የጎማ ሲሊንደር አቀያየር

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ፣ ፍሬን በረገጣችሁ ቁጥር መሪው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ነገሩ የዋዛ አይደለም። የፍሬን ሸራው ዘይት ነክቶት ሊሆን ይችላል። በአሮጌ መኪና ግን ሌላም የተለመደ ምክንያት አለ፤ የግራና የቀኝ ሲሊንደር (በዘይት ግፊት ሸራውን የሚገፋው ዕቃ) ልክ አለመመሳሰል። ዕቃ ሲጠፋ "የተገኘው ይግባ" ይባላላ! ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ውስጣቸው አንዱ 25.4፣ ሌላው 28.6 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ትልቁ በዚያው የዘይት ግፊት ሸራውን ከሩብ በላይ አስበልጦ ይገፋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሲሊንደሩን ፒስቶን በመለኪያ ካሊፐር ለኩ። የግራና የቀኙ አንድ ልክ ይሁን። የፊትና የኋላውን አታምታቱ።

የድሮ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ካርዳኑን (ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ) እንጂ ጎማውን አይዝም። አንድ የኋላ ጎማ ከተነሳ መኪናው ሊሄድ ይችላል። ሜዳ ቦታ አቁሙ፤ መሬት የነኩትን ጎማዎች በታኮ ያዙ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም።

ጎማውን ፍቱ። ታምቡሩ (ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት) አልወጣም ካለ መጀመሪያ የሸራውን ማስተካከያ አላሉ። አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሞላዎቹን ሳትነኩ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከዚያ የዘይት ቱቦውን ዳዶ በልኩ ቁልፍ ፍቱ፤ ጠርዙ ከተላጠ ሌላ ጣጣ ነው።

አሮጌውን ሲሊንደር አውጥታችሁ አዲሱን ስታስሩ አየር ማስወጫዋን ቡሎን እዩ። ወደ ላይ መሆን አለባት። የግራውን ቀኝ ካስገባችሁት ወደ ታች ትዞራለች። አየር ደግሞ ሁሌም ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ፔዳሉን ስትረግጡ ብትውሉ አይወጣም።

ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ አጥብቁ፣ ጎማው በነፃ እስኪዞር ትንሽ መልሱ። ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን። ከዚያ አየር ማስወጣት፦ ከፍሬን ፖምፑ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ። አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፤ እናንተ ቡሎኗን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ከዚያ ይልቀቅ። አረፋ እስኪጠፋ ድገሙት። የዘይቱ ዕቃ እንዳይጎድል ተከታተሉ። ያልተከፈተ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ተጠቀሙ፤ ተከፍቶ የከረመ ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። የሞተር ዘይት ደግሞ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

ሙከራውን ጠዋት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሜዳው ላይ በዝግታ አድርጉ። ስትመለሱ የጎማዎቹን ውስጠኛ ገጽ እዩ፤ የዘይት እርጥበት ካለ ወደ ደንገጎ አትውጡ።