ሎንግሆርን ዲቃላ ለስጋ ስታረቡ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ሎንግሆርን ቀንዱ ረጅም የሆነ የቴክሳስ ከብት ዝርያ ነው፣ ላሟም ወጪዋ ትንሽ ነው። ድርቅ ትችላለች፣ ሌላ ከብት የማይነካውን ቁጥቋጦ ትቀነጥባለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሰው እርዳታ ትወልዳለች፣ ብዙ ዓመትም ታገለግላለች። ይህን ሰምቶ ዘው ብሎ የገባ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ጥጆች ጨረታ ሲያወጣ ይደነግጣል። ትርፉ ያለው እናቲቱ ጋ ነው፣ ኪሳራው ደግሞ ጥጃውን ለማይፈልገው ገበያ መሸጥ ላይ ነው። ቴክሳስና አካባቢዋ ላይ የምትሰሩ ከሆነ እነዚህን ልብ በሉ።

ሎንግሆርኑን በኮርማ በኩል ማስገባት

የሎንግሆርን ኮርማ አንድ ጥሩ ስራ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድን ጊደር ሲያጠቃ ጥጃው ትንሽ ሆኖ ስለሚወለድ ምጥ ይቀላል። ለዚያ ተጠቀሙበት። መንጋው ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ላሞች ሁሉ በእሱ ማስጠቃት ግን ጡት ሲጥል ክብደቱ የሚያንስ ጥጃ መጠራቀም ነው። ገልብጡት። እናቲቱ ሎንግሆርን ትሁን፣ ኮርማው ሻሮሌ ወይም አንገስ። ዝርያዎቹ በዘር በተራራቁ ቁጥር ዲቃላው የሚያገኘው ብርታት ይጨምራል፣ ሎንግሆርን ደግሞ ከስፔን ከመጡ ከብቶች የተገኘ ስለሆነ ከእነዚህ የፈረንሳይና የስኮትላንድ የስጋ ዝርያዎች ይርቃል። ከዚህ የምትወለደውን ሴት ጥጃ ደግሞ ለመሸጥ አትቸኩሉ፣ ለእኔ ከመንጋው ሁሉ ውዷ እሷ ናት፤ በሦስተኛ ዝርያ ኮርማ ስትጠቃ የእናትነቱንም የእድገቱንም ጥቅም አንድ ላይ ታመጣለች።

ብቻ ገና ያልወለደች ሎንግሆርን ጊደርን ለግዙፍ ኮርማ አትስጡ። ጥጆቹ ሲወለዱ ክብደታቸው ትንሽ መሆኑ የተመዘገበ ኮርማ ፈልጉላት።

ቡሬና ቀንዳም ጥጃ ይዞ ጨረታ መውጣት

ገዢው ዋጋ የሚቀንሰው ቀለሙን ጠልቶ አይደለም። ዝንጉርጉር ቆዳና የቀንድ ጉጥ ሲያይ ውስጡ ሎንግሆርን እንዳለ ያውቃል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ሲታረድ የሚቀል፣ ስጋው ውስጥ የተሰራጨ ስብ የሚያንሰው ከብት ነው ብሎ ያሰላል። ሻሮሌ ቀለሙን ስለሚያነጣው ዝንጉርጉሩ ያን ያህል አይታይም። አንገስ ያጠቁራል፣ ነጭ ነጠብጣብ ግን ሊቀር ይችላል። ቀንድ አልባነቱን ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ ኮርማ ከሆነ ጥጆቹ ቀንድ አያወጡም፣ ቢበዛ ከራስ ቅል ጋር ያልተያያዘ ትንሽ ጉጥ ነው። ቀንድ የሚያወጡትን ሁለት ወር ሳይሞላቸው አስወግዱላቸው፣ ወንዶቹንም በጊዜ አኮላሹ። ቀለም መሸፈን ግን እድገቱን አይለውጥም፣ ስለዚህ ሁሉንም ተስፋ ጨረታው ላይ አትጣሉ።

እንደ አንገስ በእህል ማድለብ

ሎንግሆርን ቀይ ስጋ ነው። እህል እየጨመራችሁ ስብ ስትጠብቁ የምትከፍሉት የመኖ ገንዘብ ነው የሚበዛው፣ ከዚያ በኋላም ፕራይም የሚባለውን ከፍተኛውን የአሜሪካ የስጋ ደረጃ የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። የተሻለው መንገድ በሳር አደልቦ፣ ቀይ ስጋ ለሚፈልግ ሰው በቀጥታ መሸጥ ነው። ስትሸጡ አበሳሰሉንም ንገሯቸው። ስብ የሌለው ስቴክ እሳት ላይ ከቆየ ይደርቃል፣ አንዴ የደረቀበት ደንበኛ ደግሞ አይመለስም።

በሳር ስታደልቡ ሌላ ወጥመድ አለ። ዲቃላው ቀስ ብሎ ስለሚደርስ 30 ወር ሊያልፈው ይችላል። በአሜሪካ ከ2004 ጀምሮ በእብድ ላም በሽታ ምክንያት 30 ወርና ከዚያ በላይ የሆነ ከብት የጀርባ አጥንቱ ለምግብ አይውልም። ይህ ማለት ቲቦንና ሌላው ከጀርባ አጥንቱ ጋር የሚቆረጠው ስቴክ ቀረ ማለት ነው። የልደት ቀን ጻፉ። መዝገብ ከሌለ ቄራው ጥርሱን አይቶ ነው የሚወስነው፣ ያኔ መከራከሪያ የላችሁም።

ቄራውን ሳይመርጡ ደንበኛ መሰብሰብ

ስጋውን በኪሎ ቆርጦ ለመሸጥ ከብቱ በመንግስት ቁጥጥር ስር መታረድ አለበት። በዩኤስዲኤ (የአሜሪካ ግብርና መስሪያ ቤት)፣ ወይም እዚያው ግዛት ውስጥ ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ግዛቱ በሚቆጣጠረው ቄራ። ለባለቤቱ ብቻ የሚያርድ ቄራ ስጋው ላይ «ለሽያጭ አይደለም» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ በዚያ በኩል መሄድ ከፈለጋችሁ ከብቱን ገና በህይወት እያለ ሙሉውን፣ ግማሹን ወይም ሩቡን ለደንበኞቹ ሽጡላቸውና ቄራው ለእነሱ ይረድ። በተረፈ ደንበኛ ከመያዛችሁ በፊት የቄራ ቀጠሮ ያዙ። የዘገየ ቀጠሮ ያንን 30 ወር ሊያሳልፋችሁ ይችላል።

በቁም ክብደት ትርፍ ማስላት

450 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ አለ እንበል። ከቁም ክብደቱ 55 በመቶው ሥጋ ሆኖ ቢሰቀል ወደ 248 ኪሎ ነው፣ አጥንቱ ወጥቶ ሲቆረጥ ደግሞ ምናልባት 160 ኪሎ ይቀራል። ሰዎች ሦስቱን ያምታታሉ፣ ከዚያም ተታለልን ይላሉ። የምታስከፍሉት በየትኛው ክብደት እንደሆነ ገና ከመዋዋላችሁ በፊት በጽሁፍ አስቀምጡት።

የቀንዱን ስፋት መርሳት

ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1.8 ሜትር የሚያልፍ ቀንድ ያላቸው አሉ። ተራ የከብት ማስገቢያ ለእነሱ ጠባብ ነው፣ መኪና ላይም ጎን ለጎን የታጨቀ ከብት እርስ በርሱ ይዋጋል፣ የበለዘ ስጋ ደግሞ ተቆርጦ ይጣላል። ቀንዳሙን ለይታችሁ ጫኑ። ያረጀች ላም ስትታረድ የራስ ቅሏንና ቆዳዋን አትጣሉ፣ ለጌጥ የሚገዛ አለ።

«ጠንካራ ናት» ብሎ ማስራብ

ይሄ በጣም ያናድደኛል። ድርቅ ትችላለች ማለት ያለ ምግብ ትወልዳለች ማለት አይደለም። እርግዝናው ወደ 283 ቀን ነው፣ ስለዚህ በየዓመቱ ጥጃ እንድትሰጣችሁ ከወለደች በኋላ 80 ቀን ገደማ ውስጥ መጸነስ አለባት። ከስታ የወለደች ላም እዚህ ጊዜ ውስጥ ኮርማ አትፈልግም። ከመውለዷ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀርባዋንና የጎን አጥንቷን እዩ፣ ድርቆሹ ደካማ ከሆነ ፕሮቲን ጨምሩላት፣ ማዕድን ያለው ጨውም ዓመቱን ሙሉ አይጥፋ።