የእንግሊዝኛን ክፍለ ጊዜ መገልበጥ፦ ለጎጃም ሁለተኛ ደረጃ መምህራን

መምህሩ በ40 ደቂቃ ውስጥ ሰዋስዉን ጽፎ፣ አብራርቶና አስገልብጦ ሳይጨርስ ደወል ስለሚደወል፣ ተማሪው እንግሊዝኛ የሚናገርበት ጊዜ አያገኝም። የተገለበጠ ክፍል የሚባለው አሠራር ማብራሪያውን ወደ ቤት ይልካል፤ ክፍለ ጊዜውን ደግሞ ለመናገር፣ ለመጻፍና ለመታረም ያውለዋል። አሠራሩን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስፋት ያስተዋወቁት ትምህርታቸውን በቪዲዮ ይቀርጹ የነበሩት የኮሎራዶ ኬሚስትሪ መምህራን ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ ናቸው። የቅኔ ቤትን ለሚያውቅ ጎጃሜ ግን ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም፤ እዚያም ተማሪው ለብቻው ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል፣ ከመምህሩ ፊት ሲነግርም ስሕተቱ ይቃናለታል።

ቪዲዮ የግድ አይደለም። በስልክ የተቀረጸ የአራት ወይም የአምስት ደቂቃ ድምፅ ይበቃል፤ እኔ መጀመሪያ የሃያ ደቂቃ ቀርጬ እስከ መጨረሻው የሰማው ተማሪ አልነበረም። በአንድ ቅጂ አንድ ነጥብ ብቻ ይያዝ። ለምሳሌ ተማሪዎቻችን «ዲድ ዩ ዌንት» የሚሉት በአማርኛ «ትናንት ገበያ ሄድክ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግሡ ሳይለወጥ በድምፅ ቃና ብቻ ጥያቄ ስለሚሆን ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለሚሸከመው ግሡ ወደ «ጎ» ይመለሳል። ይህን በአማርኛ ማስረዳት ነውር የለበትም፤ እንግሊዝኛው የሚበዛው ክፍል ውስጥ ነው።

ከባዱ ማዳረሱ ነው። ከገጠር መጥተው በከተማ ቤት የተከራዩ ተማሪዎች ብዙዎቹ አርብ ስንቅ ለማምጣት ወደየቀያቸው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ቅጂው ሐሙስ ይሰጥ። ኔትወርክ ካለ በቴሌግራም፣ ከሌለ በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይተላለፋል፤ ስልክ ለሌለውም ያው ሐሳብ በግማሽ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅለት። የቤት ሥራ ቡድኑን በክፍል መቀመጫ ሳይሆን በኪራይ ቤት ወይም በሰፈር ቢያደራጁት ለአንድ ቤት አንድ ስልክ ይበቃል።

ሰኞ ተማሪዎቹ ሲገቡ በቁራጭ ወረቀት ሦስት አጫጭር ጥያቄዎችን ይመልሱ፤ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። ሳይዘጋጁ የመጡት ጥግ ይዘው ቅጂውን ይስሙ ወይም ወረቀቱን ያንብቡ። ለእነርሱ ተብሎ ትምህርቱ ከሰሌዳው ላይ እንደገና ከተሰጠ በሚቀጥለው ሳምንት የሚዘጋጅ አይኖርም፤ ብዙ መምህራን አሠራሩን የሚተዉት ሲያዝኑላቸው እዚህ ላይ ነው።

ቀሪው ጊዜ የተማሪው ነው። አምስት አምስት ሆነው እያንዳንዱ ጓደኞቹን ቅዳሜ ገበያ ወጥተው እንደሆነ፣ ምን እንደገዙና በስንት እንደገዙ በእንግሊዝኛ ይጠይቅ፤ መልሱን ይመዝግብ፤ ከዚያም ስለ አንዱ ጓደኛው ለቡድኑ ይናገር። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም ቡድን በአንድ ቀን ማዳመጥ አይቻልምና በየቀኑ ሦስት ወይም አራት ቡድን በተራ ይሰማ። ንግግራቸውን በየቃሉ ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ተደጋግሞ የተሰማው ስሕተት በማስታወሻ ይያዝና በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች የተናጋሪው ስም ሳይነሳ በሰሌዳ ላይ ይታረም። ከታረመ በኋላም ተመልሶ የመጣው ስሕተት የሚቀጥለው ሐሙስ ቅጂ ርእስ ይሁን።