የኤልኢዲ ሰሌዳ ከመሰቀሉ በፊት ጀርባውን ፎቶ አንሱት

በክሊኒክ፣ በባንክ ወይም በሆቴል እንግዳ መቀበያ የኤልኢዲ መልእክት ሰሌዳ ለምትሰቅሉ ሁሉ፦ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሰሌዳውን አላገኘሁትም የሚላችሁ ከሆነ፣ ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም፤ የተቀየረው የአይፒ አድራሻው፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚገኝበት ቁጥር ነው። ብዙ ትንንሽ ራውተሮች የትኛውን አድራሻ ለማን እንደሰጡ የሚይዙት በጊዜያዊ ማህደራቸው ስለሆነ መብራት ሲሄድ ይረሱታል። መብራቱ ሲመለስ ቀድሞ የጠየቀ የአንድ ሠራተኛ ስልክ የሰሌዳውን አድራሻ ሊወስድ ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ግን መልእክቱን ወደ ድሮው አድራሻ መላኩን ይቀጥላል።

ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊት ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ የሚለጠፈውን የማክ አድራሻ፣ ማለትም ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበትን ባለ 12 ምልክት መለያ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ በዲኤችሲፒ ክፍል፣ ማለትም ራውተሩ አድራሻ በሚያድልበት ቦታ፣ ለዚያ መለያ አንድ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.50ን፣ በቋሚነት ያዙለት። ይህ በራውተሩ ቋሚ ማህደር ስለሚቀመጥ መብራት ቢጠፋም አይረሳም። ፎቶውን ደግሞ አትናቁት፤ በብሎን ተጠብቆ የታሰረን ሰሌዳ ለአንድ መለያ ሲባል ማውረድ ያንገበግባል።

በኬብልም በዋይፋይም የሚሠራ ሰሌዳ ለእያንዳንዱ የተለያየ የማክ አድራሻ ስላለው የምትጠቀሙበትን ለዩ። ያለ ራውተር በኬብል ብቻ ከኮምፒውተር ጋር ለተገናኘ ሰሌዳ ግን ይህ ዘዴ አይሆንም፤ አድራሻውን ሰሌዳው ራሱ ላይ አስገቡ፣ ኮምፒውተሩንም እዚያው የአድራሻ ክልል ውስጥ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10 ላይ አድርጉት።