ሳይጠበስ ኩርሽም የሚል የድግስ ሳምቡሳ

ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ካልገባ አይደርቅም የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን እዚህ ደብረ ብርሃን ለክርስትናም፣ ለቀለበትም፣ ለምርቃትም የማቀርበው ኦቨን ውስጥ የተጋገረውን ነው። በልተው ሲያበቁ "በምን ዘይት ነው የጠበስሽው?" ይሉኛል። ዘይቱ በብሩሽ የተቀባ ነው። ለ40 ሳምቡሳ ከሁለት የቡና ስኒ አይበልጥም።

የዘይት ዋጋ አንድ ነገር ነው። ለእኔ ግን ዋናው ሌላ ነው። ድግስ ላይ አንድ ሰው መጥበሻው ሥር ቆሞ መዋል አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ መቼም የቤቱ እመቤት ናት። እንግዳው ሲገባ የዘይት ሽታ ለብሳ ነው የምትቀበለው። በኦቨን ከሆነ ሃያው በአንድ ጊዜ ይገባል፣ እሷም ተጣጥባ፣ ለብሳ ትጠብቃለች።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ሳምቡሳን የሚያለሰልሰው ከውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ፈልቶ የጠበቀ ዘይት ብዙ ጉድ ይሸፍናል፣ ኦቨን ግን አይሸፍንም። ምስሩ ውኃ ከቋጠረ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቂጣውን ከውስጥ ያረጥበዋል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ግማሹ ምስሩ ላይ ነው።

ለ40 ትንንሽ ሳምቡሳ የሚያስፈልጋችሁ ግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 350 ግራም ድፍን ምስር፣ ሦስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ባሮ ሽንኩርት፣ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አምስት ስድስት ቃሪያ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ዘይት ነው። ከዋናው ምግብ በፊት የሚቀርብ ከሆነ ለ15 ሰው ይበቃል። ምስሩን ግማሽ ኪሎ ከገዛችሁ የተረፈው ለአዚፋ ይሆናል። እኔ ከእነዋሪ በኩል የሚመጣውን ምስር ነው የምመርጠው፣ ግን በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም። ዘይቱ የሱፍ ቢሆን ይሻላል። የሚረጋውን ዘይት በእኛ ብርድ ከተጠቀማችሁ ሳምቡሳው ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ አፍ ውስጥም ይለጠፋል።

ምስሩን ለቅማችሁ እጠቡና አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። ቆላ ያላችሁ መዘፍዘፉን ልትተዉት ትችላላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ድስቱ ቢንተከተክም ምስሩ ቶሎ እሺ አይልም። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ በስልክ "አንቺ ደግሞ፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል እኮ!" ስትለኝ እስቃለሁ። ጣርማ በርን የወረደ ሰው ደጋ ምን እንደሆነ ይረሳል።

በሰዓት ከመመራት በጣት መሞከር ይሻላል። አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በሁለት ጣት ጫን ስትሉት መፍረጥ አለበት፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ግን ገና ፍሬ በፍሬ መሆን አለበት። ገንፎ መምሰል ከጀመረ ለወጥ አውሉት። ሲደርስ ወዲያው አጥልሉትና ሰፊ ትሪ ላይ ስሱ አድርጋችሁ ዘርጉት። ሲተን ታዩታላችሁ፣ ይተን። እንዳትከድኑት።

ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላሉት። እዚህ ላይ እጃችን የለመደው ነገር አለ፤ ሽንኩርቱ ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ ማድረግ። አሁን አይሆንም። እሳቱን ቀንሱና አማስሉት። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱንና ባሮውን ጨምሩ፣ ባሮው ሲጠወልግ ምስሩን፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬውን አስገቡ። ድስቱ ሳይከደን አምስት ስድስት ደቂቃ እያገላበጣችሁ አድርቁት። በማማሰያ መሐሉን ገለጥ ስታደርጉ የድስቱ ቂጥ ደርቆ ከታየ በቃው። ቃሪያው ፍሬው ወጥቶ፣ ደቅቆ የሚገባው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ውኃውንም አይለቅም።

ትኩስ ምስር ቂጣ ውስጥ አይገባም። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። በእኛ አገር ለዚህ ፍሪጅ አያስፈልግም፣ ትሪውን መስኮት አጠገብ ማስጠጋት ነው።

ሊጡ ቀላል ነው፣ እርሾ የለውም። ዱቄቱን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨውና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር አሹት። 280 ሚሊ ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ጠንከር ያለ ሊጥ አድርጉት። አሥር ደቂቃ ከታሸ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ይረፍ። ካላረፈ ስትዳምጡት ወደ ኋላ ይሰበሰባል።

አሁን ወደ ቂጣው። ብዙ ሰው አንዱን ድቡልቡል ለብቻው ይዳምጥና ጥሬውን ይሞላዋል። ለመጥበስ ያ ይሆናል። ለኦቨን ግን ወፍራም ነው፣ ውጭው ሳይቀላ ውስጡ ሊጥ ሊጥ ይላል። እኔ ሁለት ሁለቱን ነው የምዳምጠው። ሊጡን 20 ቦታ አድቦልቡሉት። አንዱን መዳፍ እስኪያህል ዳምጡ፣ ላዩን እስከ ጠርዙ ዘይት ቀቡ፣ ዱቄት ነስንሱበት። ሌላውንም መዳፍ አሳክላችሁ ላዩ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ፣ እያዞራችሁ፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ዳምጡ። ዘይት የሌለው መጥበሻ በመካከለኛ እሳት አግላችሁ በአንድ በኩል 20 ወይም 30 ሰከንድ፣ ገልብጣችሁ ደግሞ እንደዚያው። እብጥ እብጥ ሲል ይውጣ። ቡናማ ነጥብ ካወጣ አልፎበታል፣ ስታጥፉት ይሰበራል።

በትኩሱ ጠርዙን ፈልጋችሁ ሳብ ስታደርጉት ሁለት ስስ ቂጣ ሆኖ ይላቀቃል። ጣት ያቃጥላል፣ ግን ከቀዘቀዘ እምቢ ይላል። ወዲያው እርጥበት ባለው ንጹሕ ፎጣ ውስጥ ክተቱት። ከዚህ በኋላ ምንም ነገር አይሸፈንም፣ ይህ ቂጣ ብቻ ነው የሚሸፈነው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ያ ደረቅ ነፋስ ሲነሳ፣ ለአምስት ደቂቃ ሜዳ ላይ የተተወ ቂጣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ሁሉም ሲያልቅ በቢላዋ መሐል ለመሐል ቁረጧቸው። 20 ቂጣ፣ 40 ግማሽ ክብ።

ማጣበቂያው ዱቄትና ውኃ ነው። እንደ አጥሚት ወፈር ይበል።

አጠቃለሉን ቀስ ብላችሁ እዩት፣ ሳምቡሳ የሚበላሸው እዚህ ነው። ግማሽ ክቡን ቀጥ ያለው ጠርዝ ወደ ላይ ሆኖ አስቀምጡት። የጠርዙን ግራ ግማሽ በማጣበቂያ ቀቡ። የቀኙን ጫፍ ይዛችሁ ወደ መሐል እጠፉት፣ የግራውን ደግሞ አምጥታችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ደርቡበትና ተጫኑት። ከላይ ሹል፣ ከታች ክፍት የሆነ ነገር ይወጣችኋል። ገልብጣችሁ እጃችሁ ላይ አቁሙት። አሁን ከመሙላታችሁ በፊት በቀዳዳው በኩል ወደ ብርሃን እዩት። ሹሉ ጫፍ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከገባች በማጣበቂያ ድፈኗት። ምስሩ የሚያፈሰው በእሷ ነው። ከዚያ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ምስር ጨምራችሁ ሳትጠቀጥቁ ወደ ታች አውርዱት፣ ከላይ አንድ ጣት ቦታ ተዉ። የቀረውን ከንፈር ቀብታችሁ እጠፉና ክደኑት። ሦስቱንም ማዕዘን በጣታችሁ ቆንጠጥ አድርጉ። ደግነት አታብዙ። ከመጠን በላይ የተሞላ ሳምቡሳ ወገቡ ላይ ይፈነዳል።

ኦቨኑን 200 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ 15 ደቂቃ አስቀድማችሁ አግሉት፣ ባዶ ትሪውም ውስጥ ሆኖ አብሮ ይጋል። ሳምቡሳዎቹን በሁለቱም በኩል ዘይት ቀቡ። ጠርዙን አትርሱት፣ ዘይት ያልነካው ቦታ ነጭና ደረቅ ሆኖ እንደ ጥሬ ዱቄት ነው የሚበላው። የጋለውን ትሪ አውጥታችሁ ደርድሩ። ትሪው ሲነካቸው ጭስስ ማለት አለባቸው። እርስ በርስ አይነካኩ፣ በመሐላቸው ሁለት ጣት ይለፍ። 12 ደቂቃ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ኦቨን ሁሉ ጠባዩ ይለያያል፣ የእኔ ከኋላ በኩል ያሳርራል፣ ስለዚህ ስገለብጥ ትሪውንም አዞረዋለሁ። ሲወጡ ወርቃማ ቡናማ ሆነው፣ በጥፍር ሲነኳቸው ድምፅ ይሰጣሉ።

ወዲያው ከትሪው አንሡና በኦቨኑ ሽቦ መደርደሪያ ላይ አድርጉ። ከታችም አየር ያግኛቸው። ሳህን ላይ ከተከመሩ የታችኞቹ በላብ ይርሳሉ። እዚህ ላይ ከጎረቤት ጋር ትንሽ መከራከር አለ። ለማገዝ የመጡ እናት ፎጣ ይዘው ይመጣሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ምግብ ሜዳ ላይ ይተዋል እንዴ? ዝንብ ይገባበታል!"

"እትዬ፣ ይተዉት፣ ከሸፈኑት ይለሰልሳል።"

"ይቀዘቅዛላ!"

"ይቀዝቅዝ፣ በኋላ አሞቀዋለሁ።"

ፎጣውን ተቀብላችሁ ሌላ ሥራ ስጧቸው። በመሶብ ቢቀርብም ክዳኑ እንዳይገጠም።

ማሞቁም ቀላል ነው። 180 ዲግሪ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ። ማይክሮዌቭ ውስጥ እንዳታስገቡት፣ የደከማችሁበት ሁሉ ገደል ይገባል። ድግሱ ከሰዓት ከሆነ እኔ ጠዋት ጋግሬ ጨርሳለሁ። መብራት ቢሄድ እንኳ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ ይቀርባል፣ ጥሬው ግን አይቀርብም። ከዋዜማው መሥራት ከፈለጋችሁ ጠቅልላችሁ ሳትጋግሩ፣ ሳይነካኩ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ከደረቁ በኋላ ፌስታል ውስጥ ሊጠራቀሙ ይችላሉ። ስትጋግሩ በረዶው እስኪለቅ አትጠብቁ፣ እንዳለ ዘይት ቀብታችሁ አስገቡና አምስት ደቂቃ ያህል ጨምሩበት።

ኦቨን ለሌለው ሰው የእንጀራ ምጣድ ይሆናል። ዘይት የተቀባውን ሳምቡሳ መጠነኛ ሙቀት ባለው ምጣድ ላይ ደርድሮ፣ አክንባሎ ሳይገጥሙ፣ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ ነው። ፊቱ ይደርቃል፣ ጠርዙ ግን እንደ ኦቨኑ አይሆንም። እውነቱን ለመናገር ለቤት እንጂ ለድግስ አልመክረውም።

ሥጋ ለምትፈልጉ፦ ለ20 ሳምቡሳ ግማሽ ኪሎ ጮማ ያልበዛበት የተፈጨ ሥጋ ይበቃል። ሥጋው በራሱ ውኃ ይብሰል፣ ውኃው ጨርሶ እስኪመጥ ድረስ ሽንኩርቱን አትጨምሩ። ጮማው ከበዛ ስብ ይወጣና ቂጣውን ያጨቀየዋል፤ ያንን በማንኪያ ቀድታችሁ ድፉት። ከዚያ የሚቀረው እንደ ምስሩ ነው። እኔ የጾሙን ባለ ሦስት ማዕዘን፣ የሥጋውን ደግሞ ረዘም ያለ ጥቅል አደርገዋለሁ። ረቡዕና ዓርብ ባይሆንም ሁልጊዜ የሚጾም እንግዳ አይጠፋም። በፍልሰታማ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ጊዜ፣ ሥጋውን ጭራሽ አልነካውም። ቅርጹ ከተለየ አንዱ እንግዳ ሌላውን "ይሄ ምንድን ነው?" እያለ ቆርሶ አይመልሰውም። ትሪውም ለየብቻ ይሁን፣ የዘይት ብሩሹም።

ማባያው አዋዜ ነው። በርበሬውን በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ዘይት በጥብጡ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። የደብረ ብርሃን አረቄ በእጃችሁ ካለ አንድ ማንኪያ ጠብ አድርጉበት፣ በርበሬውን ያነቃዋል። ለሳምቡሳ ወፈር ብሎ ይሻላል፣ ከቀጠነ ቂጣው ይጠጣዋል። በትንንሽ ስኒ ከትሪው ጎን ይቀመጥ እንጂ ላዩ ላይ አይፈስ። ልጆች ካሉ ደግሞ አረቄ የሌለበት ለብቻው ይውጣ።